ድንኳኑን ከመትከልሽ በፊት ባለ ቀዬውን ሰላም በይ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። የምኖረው ሰበታ ነው። የ11 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉኝ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለአራት ሰው የሚሆን ድንኳን ይዞልን መጣ፤ ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሳየው ከረምኩ። አሁን ዝናቡ ሲያባራ ልጆቼን ይዤ ወጥቼ፣ ከስልክ ርቀን፣ መጽሐፍ እያነበብን አንድ ሌሊት ማደር አማረኝ። ልጆቹ አገራቸውን የሚያውቋት በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ባለቤቴ ‹ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው› ይላል። እናቴ ደግሞ የሰላሌ ገበሬ ልጅ ናት፤ ‹ቤት ያለው ሰው ሜዳ ላይ አያድርም› ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ራሴም ብርዱንና ጅቡን እፈራለሁ። የት ልሂድ? ምን መጽሐፍ ልያዝ? ወይስ ነገሩ ይቅርብኝ?

የሰበታዋ እናት»

የኔ እህት፣ እንደምን ከረምሽ? አይቅርብሽ፣ ሞክሪው። ግን ከድንኳኑ አትጀምሪ። ከሰው ጀምሪ፤ ቀጥሎ ንባቡ ይምጣ፤ ድንኳኑ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

የባለቤትሽን ነገር ላስቀድም። ድንኳን የፈረንጅ ነገር አይደለም። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቶቻችን ለረጅም ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ቤተ መንግሥቱም፣ ችሎቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአጼ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ በዝርዝር ጽፎታል። የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚሰፍር፣ ገበያው በየት በኩል እንደሚቆም ሁሉ ሥርዓት ነበረው። ዛሬም ዝቋላና ደብረ ሊባኖስ የሚሳለመው ሕዝብ በንግሡ ዋዜማ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ይሄን ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ምናልባት ካስማውን ራሱ ይመታልሽ ይሆናል።

የእናትሽ ቃል ግን ከዚህ ይከብዳል። እናትሽ ያሉት ነገር ኋላ ቀርነት እንዳይመስልሽ። በእሳቸው ዘመንና በእሳቸው አገር ውጭ የሚያድር ሰው ችግር ያስወጣው ሰው ነው። ማሳ የሚጠብቅ ማማ ላይ ያድራል። ከብት የጠፋበት ዱር ያድራል። የተፈናቀለ ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ያድራል፤ ይሄን ደግሞ ዛሬም በዓይናችን እያየን ነው። ለደስታ ብሎ ውጭ ማደር ቢገርማቸው አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ልታሳምኛቸው አትድከሚ። ይልቅ «እማዬ፣ አብረሽን ነይና ልጆቹን አንቺ አስተምሪልኝ» በያቸው። የሰላሌ ልጅ ናቸው። የሣሩን ስም ያውቃሉ፣ ደመናውን ያነብባሉ፣ ጅብ ከየት ወገን እንደጮኸ ይለያሉ። ካንቺም ከእኔም ከመጽሐፉም በላይ ያንን መሬት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እምቢ ቢሉ እንኳ ተጠይቀዋልና ምርቃታቸውን ይዘሽ ትወጫለሽ።

ከሰው ጀምሪ ያልኩሽ ለእናትሽ ብቻ ብዬ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባዶ መሬት የለም። ሜዳው ግጦሽ ነው፣ ተዳፋቱ ማሳ ነው፣ ደኑ ጠባቂ አለው። በሆለታ መንገድ የማውቀው አንድ ገበሬ የነገረኝን ልንገርሽ። ወጣቶች ከከተማ መጥተው ሳይጠይቁት ከስንዴው ዳር ድንኳን ተከሉ። ሲመሽ አያቸው። አላባረራቸውም። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከውሻው ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጦ እየጠበቃቸው አደረ። «በመሬቴ ላይ ያደረ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ዕዳው የኔ ነው» አለኝ። ልጆቹ ሲነጋ ፎቶ ተነስተው፣ ሰላም ሳይሉት ሄዱ። እሱ የተከፋው በስንዴው አልነበረም፤ በሰላምታው ነው። አገር ለማወቅ ወጥተው ያንን ሰው ሳያውቁት ተመለሱ።

አንቺ ግን በቀን ሄደሽ ባለ ቀዬውን አነጋግሪ። ልጆችሽ ሰበታ የሚማሩ ከሆነ በትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ እናትሽም የሰላሌ ሰው ናቸውና ቋንቋው አይጠፋቸውም። «አካም ጅርቱ» የሚለውን ሰላምታ ልጆቹ ያስቀድሙት። የስምንት ዓመት ልጅ በቋንቋው ሰላም ያለው አባወራ ቡና ሳያስፈላ አይሸኛችሁም። ስኳርና ቡና ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

ወቅቱን በተመለከተ ጥሩ ጊዜ ላይ ጽፈሽልኛል። በእኛ አቆጣጠር መፀው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። መስከረም ላይ አትቸኩዪ። የአለም ገና እና የበቾ መረሬ አፈር ገና ስላልደረቀ ጫማም ጎማም ይይዛል። ኅዳር ሲገፋ ደግሞ ውርጭ አለ። እኔ ብመርጥልሽ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለውን እመርጥልሻለሁ። መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጤፉ እያሸተ ነው፣ የባቄላ እሸትም አይጠፋም።

አሁን የት ለሚለው። ሩቅ አትሂጂ። የመጀመሪያው ጉዞ ሌሊት የሌለበት ይሁን፤ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ወደ መልካ ቁንጥሬ ውሰጃቸው። ከሰበታ አለም ገና ደርሰሽ የቡታጅራን መንገድ መያዝ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ላንቺ ደግሞ ይቀርብሻል። አዋሽ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ባልጩት ከሚባለው ስፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች ከባልጩት ድንጋይ የጠረቡት መሣሪያ እዚያ ሞልቷል፤ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የሕፃን መንጋጋም ተገኝቷል። ልጆችሽን የሚይዛቸው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ጎምቦሬ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ የ700 ሺህ ዓመት የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች አለ። ትልልቆቹ ጉማሬ ሲበልቱ ልጆቹ አጠገባቸው ጭቃው ላይ ሲረግጡ ነበር ማለት ነው። ይሄን ለስምንት ዓመቱ ልጅሽ ንገሪና ዝም ብለሽ ፊቱን እዪ። አደራ፣ አንዲት ስንጥር ባልጩት እንኳ በኪስ ይዘው እንዳይመጡ። ጊዜ ከተረፈሽ አዳዲ ማርያም በዚያው አቅጣጫ ናት። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ለማየት ላሊበላ ድረስ መሄድ የግድ እንዳልሆነ ያያሉ።

ለሌሊቱ የምመክርሽ መናገሻ ሱባን ነው። የወጨጫ ተራራ ደን ነው፤ ተራራው ለሰበታ ጎረቤት ነው። የደኑ ጽሕፈት ቤትና ጠባቂዎች ስላሉት ለእናትና ለልጆች ከክፍት ሜዳ ይሻላል። ቀድመሽ ሄደሽ አስፈቅጂ፣ ክፍያውን ጠይቂ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ እነሱ ያሳዩሽ። መታወቂያሽን አትርሺ።

ደኑ ራሱ ታሪክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። እንግዲህ «ዱር» ብለን የምንጠራው ነገር የሰው እጅ ያረፈበት ነው። ታች ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው አለ። ወደ ላይ ስትወጪ ኮሶው ይመጣል፤ ከዚያ ዛፉ እያጠረ አስታ ይሆናል። የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እስከ ጫፍ ካልወጣን ብላችሁ አትሩጡ። ልጆቹ አንድ ትልቅ ጥድ ይምረጡና እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዙሩት፤ ቅርፊቱን ይንኩት፤ ሥሩ ያለውን ያሽትቱ። ጉሬዛ ከላይ ስትዘል ታያላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላም ብቅ ይላል። እናትሽ የእያንዳንዱን ተክል ስም ይንገሯቸውና የ11 ዓመቱ ልጅ በደብተር ይጻፈው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ የትኛው ለምን መድኃኒት እንደሚሆን ጭምር።

ብርዱን መፍራትሽ ልክ ነው። ብዙ ሰው ጥቅምትን ፀሐዩን አይቶ ይዳፈራታል። ቀን ሞቅ ያደረገው ያው ጥርት ያለ ሰማይ ነው ሌሊት የሚያቀዘቅዘው፤ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሲመሽ ይለቅቀዋል። በእኛ ደጋ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ያለ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ወይም ከጎድጓዳ ቦታ ድንኳን አትትከሉ። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይሻላል።

ዋናው ብርድ የሚመጣው ከታች ነው። ከላይ የቱንም ያህል ብትደርቢ መሬቱ ሙቀትሽን ይመጠዋል። እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሸራ አንጥፊ። በላዩ ጭድ ወይም ገለባ ጠቅጥቀሽ አድርጊ፤ ጭዱ ሲተኛበት ስለሚጠቀጠቅ በርከት ይበል። በጭዱ ላይ ቁርበት ካለሽ ቁርበት፣ ከሌለሽ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ። ከዚያ ብርድ ልብሱ፤ ከላይ ጋቢ ወይም ቡልኮ። እናትሽ ቡልኮ እንደማያጡ እገምታለሁ። ልጆቹን መሐል አስተኚ፤ ካልሲና ኮፍያ አታውልቂላቸው። የድንኳኑን መስኮት ትንሽ ክፍት ተዪው። ጥርቅም አድርገሽ ከዘጋሽው ትንፋሻችሁ ሸራው ላይ ውኃ ሆኖ ሌሊት ያንጠባጥብባችኋል፤ እሱ ነው ብርዱን የሚያብሰው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ። የነደደ ይሁን፣ የከሰመ የመሰለ ይሁን፣ «ለአፍታ ትንሽ ላሙቅበት» ይሁን፣ አይገባም። ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ሰው ተኝቶ በዚያው ይቀራል። በየዓመቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብተው ያለቁ ቤተሰቦችን ለቅሶ እንሰማለን። ድንኳን ደግሞ ከክፍልም ይጠባል። ውጭም ቢሆን ደን ውስጥ እሳት አይነደድም፤ ጥቅምት ላይ ሣሩ መድረቅ ጀምሯል። ጠባቂዎቹ ያሳዩሽ ቦታ ላይ በትንሽ ቡታጋዝ አብስዪ።

ጅቡን በተመለከተ፣ ጅብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ቢባልም አጥንቱን ቤታችሁ በልታችሁ ውጡ። ለሌሊቱ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ጽጌን የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከነጭራሹ አለቀ። የተረፈውን ምግብ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገሽ መኪና ውስጥ ወይም ጠባቂዎቹ ዘንድ አስቀምጪ። ልጆች ሌሊት ለሽንት ብቻቸውን አይውጡ። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ የሚያጓጓኝ እሱ ነው። ያገራችን ሌሊት ረጅም ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ የሚነጋው ጠዋት 12 ሰዓት አልፎ ነው። ቤት ውስጥ ይሄን ጊዜ ቴሌቪዥንና ስልክ ይበሉታል። እዚያ ግን ሙሉውን በእጅሽ ነው። የግንባር ባትሪ ግዢ፤ መርካቶ አይጠፋም። እጅሽ ነፃ ስለሚሆን ገጹን ለመግለጥ ይመቻል።

ለየራሳችሁ መጽሐፍ ይዛችሁ አትሂዱ። እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱ ብቻውን ነው፤ ከስልኩም ብዙ አይለይም። አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንቺ ጥቂት ገጽ፣ ትልቁ ልጅ ጥቂት ገጽ፣ እንደዚያ እየተቀባበላችሁ። ትንሹ ቢንተባተብ አታርሚው፤ ያንብብ። ታሪኩ ሲጦዝ አቁሙ፤ ቀሪውን ቤት ሲመለሱ ራሳቸው ይጠይቁሻል።

የትኛውን? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እመክርሻለሁ። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሙሉውን አትጨርሱትም፤ አይጠበቅባችሁምም። ለልጆች የሚሆነውን ክፍል አንቺ አስቀድመሽ ምረጪ፤ የገበሬው ኑሮና የጉዱ ካሣ ክርክር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነፍስ አለው። ይሄ መጽሐፍ በጆሮ ሲሰማ ያምርበታል፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ታሪኩ ጎጃም ነው፤ ሰላሌ ደግሞ ከዓባይ ወዲህ ማዶው ነው። እናትሽ «እኛ ጋ እንደዚህ አይደለም» ወይም «ልክ እንደዚህ ነበር» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ መጽሐፉን ክደኚና እሳቸውን ስሚ። ልጆችሽ የአያታቸውን አገር ከአያታቸው አፍ የሚሰሙበት ሌላ ሰዓት መቼ ይገኛል? ተረቱም ይምጣ፤ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ስለ ቦታው አንብቡ። አንድ ቀን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዘሻቸው ሂጂ። ስለ አዋሽ፣ ስለ ጥንት ሰው፣ ስለ አገራችን ዛፎችና ወፎች ያገኙትን ያገላብጡ። ያነበቡትን ነገር በማግስቱ በእጃቸው ሲነኩት ማየት ደስ ይላል። አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ዳር ሻጮችም በደህና ዋጋ ይገኛል፤ የተረት መጽሐፍ ለትንሹ ከዚያ ግዢለት።

ስልኩን አንቺ ያዢው፤ አንድ ብቻ፣ ቻርጅ የሞላ፣ ለችግር ጊዜ። ልጆቹን «ስልክ ክልክል ነው» ብለሽ አታውጂባቸው፤ አንቺ ራስሽ ካልነካሽው ይበቃል።

በመጨረሻ የጸጥታው ነገር አለ። በአካባቢያችን ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። በምትሄጂበት ሳምንት የደኑን ጽሕፈት ቤትና የቀበሌውን ሰዎች ደውለሽ ወይም በአካል ሄደሽ ጠይቂ። «አሁን አይመችም» ካሉሽ አትከራከሪ፤ እነሱ ያውቃሉ። ጉዞው በቀን ብቻ ይሁንና ለሌሊቱ ድንኳኑን ግቢያችሁ ውስጥ ትከዪው። እንዲያውም ብትችዪ ከሱባ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩበት፤ ካስማው የላላ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ ጭዱ ያነሰ እንደሆነ በዚያው ይታያል። ግቢው ከጠበበ ደግሞ ገጠር ያለ ዘመድ ጠይቂ፤ በዘመድ አጥር ውስጥ ማደርን እናትሽም የሚቃወሙት አይመስለኝም። እሸት የሚቆረጥበት ማሳ ካላቸው ሱባን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ትችያለሽ።